ለቱሉ ዲምቱው ሸራ ሰፊ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ዱር እንስሳት ለመቅረጽ የምትወጡ ልጆች፣ ይህቺን አንብቡልኝ።

ከነገ ወዲያ ሌሊት ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንወጣለን፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሳላ የሚባለውን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ ፍለጋ። ፈቃዱን ጨርሰናል፣ ከፓርኩ ጠባቂ ከስካውቱም ጋር ተነጋግረናል። የጨነቀኝ መደበቂያ ድንኳኑ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሱቅ የገዛሁትን ይዤ ፓርኩ ውስጥ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሁለት ጠዋት በከንቱ ተቀመጥኩ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸራው ይንኳኳል፤ መንጋው ቀና ይልና ወደ ፈንታሌ ተራራ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ሳላ ደግሞ ከሩቅ ያያል።

ዘንድሮ ሰው ጠቁሞኝ የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ አካባቢ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ አባት ዘንድ ሄድኩ። የወሰድኩትን ጨርቅ ጆሯቸው ስር አስጠግተው አሹት። «ልጄ፣ ይሄ ይንሿሿል፤ ያስበረግግብሻል» አሉኝ። ያኔ ልቤ አረፈ። ወፍራም የጥጥ ሸራ አስመረጡኝ። አዲሱ ድርቅ ስለሚል ሦስት ጊዜ አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ የደረቀ ሣር መሰለ። ዚፕ ሲከፈት ይጮኻል ብለው በጨርቅ ማሰሪያ ተኩት። የሌንሱን ቀዳዳ መሬት ላይ አስቀምጠውኝ በዓይኔ ልክ ለኩ። ከተረፈው ቁራጭ ደግሞ መኪና መስኮት ላይ ሌንስ የሚያርፍበት ከረጢት ሰፉልኝ። ጤፍ በስፌቱ ይሾልካል፣ ባቄላ ይጎረብጣል፤ ምስር ሙይበት አሉኝ። መብራት ሲጠፋም በእግር በሚረገጠው ሲንጀር የስፌት መኪናቸው ቀጥለው ባሉት ቀን አስረከቡኝ።

ትናንት ከሱቃቸው ጀርባ ማሳ ዳር ድንኳኑን ተከልነው። ጋጋኖን ታውቁታላችሁ፣ ኮሽ ካለ ጮኾ የሚነሳ ወፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሆነው አፈሩን እየቆፈሩ መጡ። አንደኛው በጣም ከመቅረቡ የተነሳ ሌንሱ አልይዘው አለ። እሳቸው ማዶ ቆመው የሰፈሩን ልጆች «ዝም በሉ» እያሉ ይጠብቁልኝ ነበር።

ስልክ ብዙም አያነሱም፣ እሑድ ዝግ ነው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ አይጀምሩም። ስለዚህ ከጉዟችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልኝ።