ባለ ብረት መቆለፊያው ቦክስ ፋይል፦ ከሁለት ክረምት አገልግሎት በኋላ

በደብረ ማርቆስ የእህል ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ከቢቸና፣ ከደጀንና ከሉማሜ ጤፍና ስንዴ የሚያስጭኑ ደንበኞቼ ደረሰኙን፣ የሚዛን ወረቀቱንና የባንክ ማስገቢያውን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀው ያመጡልኝ ነበር። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ፣ ማለትም ዓመታዊ ገቢው ከፍተኛ የሆነ ነጋዴ፣ ዓመታዊ ሒሳቡን ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለበት፣ በእነዚያ አራት ወራት ቢሮዬ እግር ማሳረፊያ አይገኝበትም። አንድ ደረሰኝ ፍለጋ ሁለት ቀን ከረጢት ስገለብጥ ከርሜ፣ በመጨረሻ ከሌላ ደንበኛ ሰነድ ጋር በአግራፍ ተያይዞ ባገኘሁት ሳምንት 40 ቦክስ ፋይል፣ ማለትም የተበሳ ወረቀት በሁለት የብረት ቅስቶች የሚይዝ ጠንካራ የካርቶን ማኅደር፣ ገዛሁ።

ጀርባው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ፓኬት ሙሉ፣ ማለትም 500 ቅጠል ወረቀት ይይዛል። ሆኖም በስቴፕለር የተመታ ደረሰኝ ስለሚያብጥ እኔ 400 ላይ አቁሜ ሌላ እከፍታለሁ። ቅሬታዬ በብረቱ ላይ ነው፤ ከ40ዎቹ በሰባቱ ላይ ሁለቱ ቅስቶች ሲዘጉ ጫፍ ለጫፍ አይገጥሙም ነበር፤ በመካከላቸው የቀረችው የጥፍር ያህል ክፍተት ወረቀት በተገለበጠ ቁጥር ቀዳዳውን እየያዘች ትቀድዳለች። ሻጩ ሳያንገራግሩ ቀይረውልኛል። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ እያንዳንዱን ከፍቼና ዘግቼ፣ ወደ ብርሃን አዙሬ ሳላይ አልገዛም።

የደብረ ማርቆስ ክረምት ደግሞ ለካርቶን አይራራም። በመጀመሪያው ነሐሴ ሲሚንቶ ወለል ላይ የደረደርኳቸው እርጥበት ስበው ከሥር አበጡ፤ የታችኛው ጠርዛቸው በቆርቆሮ የተለበጠላቸው ግን ቅርጻቸውን ጠብቀው ቆዩ። አሁን ሁሉንም በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄ አስቀምጣለሁ።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝን ግን ቦክስ ፋይል ብቻውን አያድነውም፤ ጽሑፉ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ እየደበዘዘ ሄዶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዱን ለዓመታት እንዲያቆይ ስለሚያስገድድ፣ ደረሰኙ እንደደረሰኝ ፎቶ ኮፒ አንሥቼ ዋናውን ከኋላው አያይዛለሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ጀርባው ላይ ያለው የጽሑፍ ቦታ ነው። የደንበኛውን ስም፣ ከተማውን፣ የበጀት ዓመቱን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር በፓርከር እጽፍበታለሁ። አምና አንድ የሉማሜ ነጋዴ በኩንታል ልዩነት ከገዢያቸው ጋር ተካረው ሲመጡ፣ ያዘዝኩላቸው ቡና ሳይቀዳ የሚዛን ወረቀቱን አውጥቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

በዓመት ከመቶ የማይበልጥ ወረቀት ያለው ሰው ክላሰር ይበቃዋል። እኔ ለዘንድሮው ሐምሌ 20 ልጨምር ነው፤ ሁሉም ጠርዛቸው በቆርቆሮ የተለበጠ ይሆናል።