መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ስልክ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ሱቄ ኮምቦልቻ ነው፤ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። መጋዘኑ ደሴ ነው፤ ወንድሜ አለበት። «ስንት ቆርቆሮ ቀረ?» እየተባባልን የሞባይል ካርድ ስንፈጅ ከረምንና በኢንተርኔት የሚሠራ የጠረጴዛ ስልክ ሁለት ገዛሁ። እኔ 101፣ እሱ 102። ሐረጎን የሚያህል አቀበት መሃላችን ተቀምጦ፣ ሦስት ቁጥር ስመታ ከጓዳ የምጠራው ይመስለኛል። በደቂቃ የሚቆረጥ ሒሳብ የለም። የኢንተርኔቱን ወርሃዊ ድሮም እከፍል ነበር። ድምፁም ጥሩ ነው፣ ልጄ ቪዲዮ ካልከፈተ።

ታዲያ ምን ሆንክ አትሉኝም? መብራት!

አንድ ግንበኛ ባለ 12 ሚሊ የፌሮ ብረት 40 ቤርጋ ፈልጎ መጣ። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ አልጠፋም። መጋዘን ካለ ልጠይቅ ስልኩን አነሳሁ። ጭጭ! መብራት ሄዷል። በሞባይል ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ወንድሜ በጠረጴዛው ስልክ ተማምኖ ሞባይሉን ከኮቱ ኪስ ትቶታል። «ጋሼ፣ በቃ ሌላ ጋ ልይ» አለኝ ግንበኛው። ሄደ።

ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። እኔ ጋ መብራት ሲኖር ደሴ የለም፤ ደሴ ሲመጣ እኔ ጋ ይሄዳል። ከሁለቱ ከተማ የአንዱ መብራት ከጠፋ ሁለታችንም ዲዳ ነን።

የአባቴ መደበኛ ስልክ በኩራዝ ብርሃንም ይጮህ ነበር። ኃይሉ ከቤት ሶኬት አይደለማ! በዚያው በመዳብ ሽቦ፣ ከስልክ ጣቢያው ባትሪ 48 ቮልት ይመጣለታል። ይህን ያወቅኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ሻጩ «አብሽር፣ ኢንተርኔት ካለ ይሠራል» ነበር ያለኝ። አልዋሸም። ኢንተርኔቱስ በምን ይሠራል? አሁን ብጠይቀው «ባትሪ ግዛ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ያኔ አብረህ አትሸጥልኝም ነበር?

ገዛሁ እንጂ። ኢንተርኔቱን ለሚያድለው ሳጥን፣ ለራውተሩ፣ የምትሆን ትንሽ ባትሪ። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ስልኩ ግን ሞቷል። ለካ እሱም የራሱን ኃይል ይፈልጋል! እንደገና ገዛሁ። ለደሴም እንዲሁ። አራት ባትሪ ሆነ፤ በቆጠብኩት የካርድ ገንዘብ ላይ ሒሳቡን ለመሥራት ገና ድፍረቱ አልመጣልኝም።

ልሽጠው ብዬም ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት መብራት እያለ 102 መትቼ ገቢና ወጪውን ሩብ ሰዓት ሳልሳቀቅ ስንነጋገር እጄ አይሄድልኝም። ሁለት ሱቅ ያለው፣ ባትሪውን ከስልኩ ጋር በአንድ ቀን የሚገዛ ከሆነ፣ ይግዛው።

ሐሙስ ዕለት መብራት ሄደ። ደስ ብሎኝ 102 መታሁ፤ የእኔ ሠራ፣ የእሱ አይጠራም። በሞባይል ደወልኩ፤ ዛሬስ ወዲያው አነሳ።

«ባትሪው የታል?»

«ሞባይሌን እየሞላሁበት ነው።»