ወፏ ሙዚየም ትግባ ወይስ ትለቀቅ?

ደሴ ፒያሳ፣ ማኪያቶ ይዘን ከጓደኛዬ ጋር ተሟገትን። አዲስ የወፍ ዝርያ ለመመዝገብ ወፏ ተገድላ ሙዚየም ትግባ ወይስ ደሟ ተወስዶ ትለቀቅ?

እሱ አንጀቱ አይችልም፤ «ትለቀቅ» ባይ ነው። ሶማሊያ፣ ቡሎ ቡርቲ የተያዘችው ወፍ እንዲያ ተለቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዲኤንኤ አዲስ ዝርያ ተባለች። በ2008 ግን የታወቀ ዝርያ ሌላ መልክ ሆና ተገኘች።

እኔ ለሙዚየሙ አደላለሁ። ጥጥ የተሞላ ገላ፣ እግሩ ላይ በክር የታሰረች ወረቀት፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ክንፉን መለካት ይቻላል። በ2020 ከኢንዶኔዥያዋ ታሊያቡና ከአካባቢዋ ደሴቶች 5 ዝርያና 5 ንዑስ ዝርያ ሲመዘገብ ናሙናው፣ ዝማሬውና ዲኤንኤው አብረው ታይተዋል። ፎቶ ብቻውንማ ምን ያደርጋል?

የቀረችው አንዲት ወፍ ብቻ ከሆነች ግን እጄን ሰጥቻለሁ፤ ትብረር። ሂሳቡን እሱ ከፈለ።