ለጥልቅ ጠላቂ ክራንክቤይት የትኛው ክር ይሻላል? ናይለን፣ ፍሎሮካርቦን ወይስ ጉንጉን

ከዳላስ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የነዳ ሰው ሌክ ፎርክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይደርሳል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጠናቀቅ ብዙው ዛፍ ሳይቆረጥ ውኃ ስለተኛበት፣ ዛሬም ከሥሩ የቆመ ደን አለ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ባስ የሚባሉት ዓሦች፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ከዳርቻው ሸሽተው በሰመጡ መንገዶችና በጉብታዎች ላይ፣ ከ5 እስከ 7 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሰበሰባሉ። እዚያ ለመድረስ ከሚመረጡት ማጥመጃዎች አንዱ ክራንክቤይት ነው፤ ከአፉ ሥር እንደ ማንኪያ የወጣ ሰፊ ምላስ ያለው፣ ሲጎተት እየተርገበገበ ወደ ታች የሚጠልቅ ሰው ሠራሽ ዓሣ።

ብዙ ወገኖቼ ለማጥመጃው ገንዘባቸውን ያወጡና ክሩን ከተገኘው ያደርጋሉ። እኔም ለሁለት በጋ እንዲሁ አድርጌያለሁ። አሁን ግን ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ አዲስ ማጥመጃ ከመግዛታችሁ በፊት ክሩን አስተካክሉ።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ጥልቀት በማንኛውም ክር የሚገኝ አይደለም። ራፓላ ዲቲ 16 በተባለው ክራንክቤይት ስም ውስጥ ያለው ቁጥር 16 ጫማ፣ ማለትም 5 ሜትር ገደማ እንደሚወርድ ይናገራል፤ የስትራይክ ኪንግ 6ኤክስዲ ደግሞ 19 ጫማ ይባልለታል። ይህ የሚሆነው ግን በቀጭን ክር ርቆ ሲወረወር ነው። ማጥመጃው ከጀልባው 40 ሜትር ርቆ ቢወድቅ በሰያፍ ይወርዳል፣ መሐል ላይ ታች ይደርሳል፣ ወደ ጀልባው ሲቃረብ ደግሞ ይወጣል። ውርወራው ካጠረ ታች ሳይደርስ መውጣት ይጀምራል። ክሩ ከወፈረ ውኃው በርዝመቱ ሙሉ እየተቋቋመው ማጥመጃውን ወደ ላይ ይይዘዋል። ከባለ 10 ወደ ባለ 20 ፓውንድ (ፓውንዱ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው) መሻገር አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ሊያስቀር ይችላል። ዓሣው 6 ሜትር ላይ ከጉቶ ተጠግቶ፣ የእናንተ ማጥመጃ 5 ሜትር ላይ የሚያልፍ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብትወረውሩ ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ መደብር ስትገቡ በትልቁ የተጻፈውን ፓውንድ ትታችሁ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ውፍረት አንብቡ። ሁለት አምራቾች ባለ 12 ፓውንድ ብለው የሚሸጡት ክር ውፍረቱ እኩል ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ከተጻፈለት በላይ ክብደት የሚችለው ወፍሮ ስለተሠራ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ከ0.30 ሚሊ ሜትር ብዙ ያልበለጠ ክር ፈልጉ።

ናይለን በዋጋ የሚወዳደረው የለም፤ 300 ሜትር ያህሉ በ10 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮ ይይዛል፣ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ዋናው ጠባዩ መለጠጡ ነው፤ ይህም ጥቅምም ጉዳትም አለው። ክራንክቤይት የሚይዘው በሁለት ባለሦስት ሹል መንጠቆዎች ነው፤ ሹሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚይዙት የከንፈር ዳር ነው። ባሱ ከውኃ ዘሎ ራሱን ሲያራግፍ ክሩ ለጠጥ ብሎ ኃይሉን ስለሚቀበል መንጠቆው ሥጋውን አይቀድም። በሌላ በኩል 40 ሜትር ርቆ ያለ ማጥመጃ ግንድ ይንካ ጭቃ ይንካ በእጃችሁ አይለይም። ናይለን ውኃ ይጠጣል፣ ፀሐይም ያደክመዋል፤ አዘውትሮ የሚያጠምድ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቀይረው ይገባል።

ፍሎሮካርቦን የሚሸጠው በውኃ ውስጥ አይታይም በሚል ነው። ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከናይለን ይልቅ ለውኃ ቅርብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ፈጥኖ የሚያልፍን ማጥመጃ የሚያሳድድ ባስ ክሩን ቆሞ አይመረምርም። እኔ የምከፍልበት ምክንያት ሌላ ነው። የውኃ ጥግግት 1 ቢሆን የናይለን 1.14፣ የፍሎሮካርቦን 1.78 ያህል ነው። ስለዚህ ክሩ ራሱ ይሰጥማል፣ ከላይ ሆኖ ማጥመጃውን አይጎትተውም። ውኃ ስለማይጠጣም ጠዋት የነበረው ጥንካሬ ከሰዓት በኋላም አለ። ምላሱ ጠጠር ሲጭር፣ ግንድ ሲነካ፣ ቅጠል ሲይዝ እጅ ይለየዋል። እንደ ሌክ ፎርክ ባለ የግንድ ሐይቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማጥመጃው ግንድ ሲነካ ለአፍታ ቆም ብታደርጉት ተንሳፍፎ ይላቀቃል፣ ካልተሰማችሁና መጎተታችሁን ከቀጠላችሁ ግን መንጠቆው ይተከላል፣ ማጥመጃውም እዚያው ይቀራል።

አይለጠጥም የሚባለውን አትመኑ። ጠንከር ብሎ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ለክራንክቤይትም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ድክመቱ ቋጠሮ ላይ ነው። ቋጠሮው ሳይረጥብ ከተሳበ በሰበቃው ሙቀት ይጎዳል፣ ከዚያ አንድ ጠንካራ መንጠቅ ይበቃዋል። በምራቅ አርጥቡትና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ዋጋውም ይከብዳል፤ 200 ያርድ ከ15 እስከ 30 ዶላር ያስወጣል። በዚህ ምክንያት ርካሽ አግኝቼ ደስ ብሎኝ የገዛሁት አንድ ጥቅል ቤት ገብቶ ሲነበብ፣ በፍሎሮካርቦን የተቀባ ናይለን ሆኖ ተገኘ። «100 በመቶ ፍሎሮካርቦን» የሚል ካላያችሁ የምትገዙት ናይለን ነው ብላችሁ አስቡ።

ጉንጉን ክር እንደ ሹሩባ ከብዙ ቀጫጭን የፖሊኤትሊን ጭረቶች ይሠራል። ባለ 30 ፓውንዱ ከባለ 8 ፓውንድ ናይለን አይወፍርም። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህን ሁሉ ንጽጽር የሚያሸንፍ ይመስላል፤ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ለዓመታት የሚያገለግል። እኔም በዚህ አምኜ በቀጥታ ከማጥመጃው ጋር አሠርኩት። በዚያ በጋ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ባስ ጀልባው ጎን ደርሶ አንዴ ሲያራግፍ፣ መንጠቆው ከንፈሩን ቀዶ ወጣ። ክሩ እምብዛም ስለማይለጠጥ ኃይሉ ያረፈው በከንፈሩ ላይ ነበር። በተጨማሪም ጉንጉኑ ይንሳፈፋል፣ በነፋስ ጊዜ በዘንጉ ጫፍና በመንጠቆዎቹ ላይ ይጠመጠማል። ካላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ፍሎሮካርቦን ቀጥሉለት፣ ዘንጉም በቀላሉ የሚታጠፍ የፋይበር ግላስ ይሁን።

ጀልባን እያንቀሳቀሱ ማጥመጃን ከኋላ መጎተት ግን የጉንጉን ክር ቦታ ነው፤ ርዝመቱ ሲበዛ ቅጥነቱ ይጠቅማል። አገር ቤት ሄዳችሁ በጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ለመያዝ የምታስቡ ከሆነ ከዚህ ይዛችሁ የምትሄዱት እሱን ነው፤ ባለ 50 ፓውንድ ጉንጉን፣ ጫፉ ላይ ባለ 80 ፓውንድ ወፍራም ናይለን። የናይል ፐርች አፍ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፣ የጉንጩ ክዳንም ስለት አለው፤ ለባስ የሚበቃው ቀጭን ክር እዚያ አይቆይም።

ለሌክ ፎርክና ለመሰል ሐይቆች የእኔ ምርጫ ባለ 12 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ነው። ግንድ በሌለበት ንጹሕ ጉብታ ላይ ወደ 10 እወርዳለሁ፤ ግንዱ ከበዛ ትንሽ ጥልቀት ቢያስቀርብኝም 15 አደርጋለሁ። በሌክ ፎርክ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለው ባስ መለቀቅ ስላለበት፣ ዓሣውን ሳያደክሙ ፈጥኖ ማውጣት የሚያስችል ክር መያዝ ግዴታም ነው። ከዳርቻ ቆማችሁ የምታጠምዱ ከሆነ ግን ጥልቅ ጠላቂው ራሱ አይጠቅማችሁም፤ ወደ እናንተ ሲመጣ ውኃው እየሳሳ ምላሱ ጭቃ ይቆፍራል። መካከለኛ ጠላቂና ባለ 10 ፓውንድ ናይለን ግዙና ቀሪውን ገንዘብ አስቀምጡ።

ፍሎሮካርቦኑ ለሚወደድባችሁ አንድ መላ አለ። የማጠንጠኛውን ግማሽ በርካሽ ናይለን ሙሉና ከላዩ 100 ያርድ ፍሎሮካርቦን ቀጥሉበት። የምትወረውሩት ከዚያ አያልፍም፣ አንዱ ጥቅልም ሁለት ጊዜ ይሞላላችኋል። መጋጠሚያውን ጉብታ የማይሠራ ትንሽ ቋጠሮ አድርጉት፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜትሮችም ከእያንዳንዱ ግንድ በኋላ በጣታችሁ ዳብሱ፣ ሻካራ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።