ሊምፖፖ ላይ መሬት ለሚገዛ፦ ከብት ወይስ የዱር እንስሳ?

ጆሃንስበርግ ነግደው ያጠራቀሙትን ወደ ሰሜን፣ የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገር በሆነችው ሊምፖፖ ቆላ ላይ ለማዋል የሚያስቡ ወገኖች መጀመሪያ የሚጠይቁት የሄክታሩን ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን አንድ ከብት ስንት ሄክታር ይፈልጋል የሚለው ነው። ዝናቡ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በማያልፍበት ደረቅ ምድር፣ 450 ኪሎ የሚመዝን ከብት 10 ሄክታር ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። 1,000 ሄክታር ቢገዙ እንኳ መሬቱ መቶ ከብት ላይችል ይችላል።

ከብት

ገንዘብ ሲቸግር ጨረታ ወስደው ይሸጡታል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይሄው ነው። አጥሩም ርካሽ ነው። ዝርያ ለሚመርጥ ቦረንን ልጠቁም፤ ከእኛው ቦረና ወጥቶ ኬንያ ውስጥ የተሻሻለ፣ ድርቅና መዥገር የሚችል ዘር ነው። ጉድለቱ፣ ከብት በዋናነት ሣር በል በመሆኑ ግጦሹ ሲመናመን ቦታውን ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል።

የዱር እንስሳ

አጋዘን ቅጠል ይቀነጥባል፣ ኢምፓላ የሚባለው ድኩላ መሰል እንስሳ ሣሩንም ቅጠሉንም ይበላል፤ ከብት የተወው ቁጥቋጦ ገቢ ይሆናል። በሥጋ ብቻ ካሰቡት ግን አያዋጣም። ገንዘቡ ያለው አዳኙና ጎብኚው ኪስ ውስጥ ነው፤ እነሱን ለመቀበል ደግሞ ማረፊያ፣ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ አስጎብኚና አጋዘን የማይዘለው 2.4 ሜትር አጥር ያስፈልጋል።

ጎሽ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአንድ ወንድ ጎሽ ሩብ ድርሻ በ44 ሚሊዮን ራንድ ተሽጧል። እንዲህ ያለውን ዋጋ የተሸከመው ሥጋው ወይም አደኑ ሳይሆን የሚቀጥለው ገዢ ተስፋ ነበር፤ ተከታዩ ገዢ ሲጠፋ ገበያው ተንኮታኮተ።

የሁለቱም ገቢ ሊቋረጥ ይችላል። በ2020 በኮሮና ድንበር ሲዘጋ የውጭ አዳኝ ቀረ፣ ከብት ግን ይሸጥ ነበር። በነሐሴ 2022 ደግሞ በአፍተግር (የከብት አፍና ኮቴ የሚያቆስል ተላላፊ በሽታ) ምክንያት ከብት ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ በመላ አገሪቱ ለ21 ቀን ታገደ።

የኔ ምርጫ

መሬቱ ጠባብ ከሆነና ቤተሰብ ገንዘብ የሚጠብቅ ከሆነ ከብት። አጥሩና ማረፊያው ተሠርቶ የሚሸጥ እርሻ ካገኙ ከብቱን ሳይተዉ አጋዘንና ኢምፓላ ያክሉበት። ጎሽ የመጨረሻ ነው፤ ከገዙም ከአፍተግር፣ ከሳንባ ነቀርሳና ከውርጃ በሽታ ነፃ የሚል የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። ክሩገር ፓርክ አጠገብ ያለ እርሻ ከሆነ በአፍተግር ቁጥጥር ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከእንስሳት ሐኪም ቢሮ ያጣሩ።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ የአጥር ብቃት ማረጋገጫውን ይዩ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የደቡብ አፍሪካ የዱር እንስሳት ስርቆት ሕግ አጥር ጥሶ የወጣውን የዱር እንስሳ ባለቤትነት የሚጠብቅልዎት በዚህ ወረቀት ነው።