የ10 ሳምንት የምርምር ፕሮግራም፦ 4 ኮከብ፣ አንዱን የቀነስኩትም በምክንያት ነው

ፒኤችዲ ማመልከት እያማራችሁ "ግን እኔ ለዚህ እሆናለሁ?" የምትሉ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። በትምህርት እረፍት ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ የምርምር ፕሮግራም ገብቼ ጨርሻለሁ።

የቀነስኩትን ላስቀድም። አማካሪህ ተብሎ የተሰጠኝን ፕሮፌሰር እስከ ሦስተኛው ሳምንት በዓይኔ አላየሁትም። በተግባር የያዘችኝ አንዲት የፒኤችዲ ተማሪ ናት። እሷ ባትኖር ሻንጣዬን ሸክፌ እወጣ ነበር።

አራተኛው ሳምንት ላይ ስድስት ቀን የለፋሁበት ትንተና ገደል ገባ። ሁለት ፋይል ሳዋህድ አንዳንዱ ተሳታፊ ሁለቴ ተቆጥሯል፣ ቆንጆ ውጤት ብዬ የተደሰትኩበት ሁሉ ውሸት ነበር። ልነግራት ስሄድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሳቀች። ላፕቶፗን ከፍታ የራሷን ተመሳሳይ ስህተት አሳየችኝ፣ ያውም ጽሑፏን ለጆርናል ልትልክ ሁለት ቀን ሲቀራት ያገኘችውን። ከዛ ኪቦርዱን ወደኔ ገፋ አድርጋ "በል አስተካክለው" አለች። ጎኔ ቁጭ አለች እንጂ አንዲት መስመር አልነካችልኝም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈው ያኔ ነው የገባኝ፦ ሰው "እችላለሁ" ብሎ የሚያምነው ከሁሉ በላይ ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ነው፣ የሌላ ሰው ማበረታቻ ያን ያህል ጉልበት የለውም። እውነቱን ነው፤ "ጎበዝ ነህ" ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር።

ሳምንታዊው ሴሚናር እንቅልፍ ያመጣል፣ እለፉት። የማመልከቻ ጽሑፍ ሥልጠናውም ያው ነው። እሷ ግን ረቂቄን በቀይ አጥባ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር የሚለውን አውጣና ያቺን የተበላሸች ትንተና አስገባት" አለችኝ።

የፖስተር ቀን፣ ማለትም ሥራችንን በፖስተር ለጥፈን ለተመልካች ባስረዳንበት ቀን፣ አንዱ "ለምን በሌላ ዘዴ አልሞከርክም?" ብሎ ያዘኝ። "አላውቅም፣ ግን እንዲህ ቢፈተሽ የሚታይ ይመስለኛል" አልኩት። ድሮ "አላውቅም" ከምል መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ልታመለክቱ ከሆነ በፕሮፌሰሩ ስም አትታለሉ። "በየቀኑ አጠገቤ የሚሆነው ማነው?" በሉ። መልሱ "እናያለን" ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፈው ያው የማይታየው ፕሮፌሰር ስለሆነ፣ የሠራችሁትን በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ እየጻፋችሁ ላኩለት። ይሄንንም የመከረችኝ እሷው ናት።