ቋሚ አይፒ፦ መሣሪያው ላይ መሙላት ወይስ ራውተሩ ላይ ማስያዝ?

ለመሣሪያ የማይቀያየር የኔትወርክ አድራሻ (ቋሚ አይፒ) ለመስጠት ሁለት መንገዶች አሉ። መሣሪያው ላይ በእጅ ሲሞሉ አድራሻውን፣ ሰብኔት ማስኩን (የኔትወርኩን ወሰን የሚለየውን ቁጥር)፣ ጌትዌዩን (የመውጫውን፣ ማለትም የራውተሩን አድራሻ) እና ዲኤንኤሱን (የድረ-ገጽ ስሞችን ወደ አይፒ የሚተረጉመውን ሰርቨር አድራሻ) ያስገባሉ። ችግሩ ራውተሩ ይህን አለማወቁ ነው። የዲኤችሲፒው (ለመሣሪያዎች አድራሻ በራሱ የሚያድለው አሠራር) ክልል ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ሆኖ ለፕሪንተሩ 192.168.1.150 ከሰጡት፣ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሳለ ያው ቁጥር ለሌላ ስልክ ሊታደል ይችላል። ከዚያ ሁለቱም አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ይቋረጣሉ፤ መንስኤውን ማግኘትም እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ከክልሉ ውጭ ያለ ቁጥር፣ ለምሳሌ 192.168.1.20 ይምረጡ።

ራውተሩ ላይ ሲያስይዙ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥሩን) ከሚፈልጉት አይፒ ጋር ያያይዛሉ። ለአብዛኛው መሣሪያ ይህ በግልጽ ይሻላል፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ይገኛል፣ ዲኤንኤስ ሲቀየርም እያንዳንዱን መነካካት አያስፈልግም። ካስያዙ በኋላ መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት፤ አለዚያ የቀድሞውን አድራሻ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስልክ ከሆነ፣ መለያው ተቀይሮ ራውተሩ እንዳይስተው፣ ለዚያ ዋይፋይ ተለዋዋጭ ማክ መጠቀሙን ያጥፉ። የራውተሩ የራሱ የውስጥ ኔትወርክ አድራሻና የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ (አድራሻ አዳዩ) አድራሻ ግን ምንጊዜም በእጅ ይሞሉ።